ከሱስም ከአእምሮ ሕመምም ጋር የሚኖሩ ሰዎች የድጋፍ ቡድን፦ በምን ይቆማል፣ በምን ይፈርሳል

ጫትና አረቄ የለመደ፣ በዚያ ላይ ድምፅ የሚሰማው ወይም ስሜቱ አንዴ ሽቅብ አንዴ ቁልቁል የሚልበት ሰው ሁለት በር ያንኳኳል። የአእምሮ ሕክምናው ክፍል «መጀመሪያ ጫቱን ተው፤ አለዚያ ኪኒኑ አይሠራም» ይለዋል። ሱስ ለማስተው የተቋቋመው ማዕከል በበኩሉ «መጀመሪያ ሕመሙ ይረጋጋ» ብሎ ይመልሰዋል። ሁለቱም ከራሳቸው አንጻር ልክ ናቸው፤ ሰውየው ግን መሃል ላይ ይቀራል። እንዲህ ያለው ሰው ብርቅ አይደለም። በ1990 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ትልቅ የሕዝብ ጥናት፣ ስኪዞፍሬንያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማና ሐሳብን የሚያዛባ ከባድ የአእምሮ ሕመም) ካለባቸው ሰዎች 47 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው በሆነ ወቅት የአልኮል ወይም የሌላ ዕፅ ችግር እንደነበረባቸው አሳይቷል።

ሁለቱም ችግር ያለባቸው ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን ተገናኝተው እርስ በርስ የሚደጋገፉበት ቡድን ይህን ክፍተት በከፊል ይሞላል። የሚያስፈልገው ክፍል፣ ወንበርና ጥቂት ሰው ብቻ ስለሆነ ርካሽ ነው። ርካሽ መሆኑ ግን ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው ይበተናሉ።

ምክንያቱን ከራሳችን ልማድ መፈለግ ይሻላል። ማኅበር ማቋቋም አይቸግረንም። ዕድር፣ ዕቁብና የጽዋ ማኅበር ያለማንም እገዛ ለዘመናት አቁመናል። «ቡድን እናቋቁም» ሲባል ታዲያ እጃችን ወደሚያውቀው ይሄዳል፦ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፣ መዝገብ ይከፈታል፣ መዋጮ ይቆረጣል፣ ለቀረ ሰው ቅጣት ይወሰናል። ቀብር ለማስፈጸም የሚያገለግለው ይህ ሥርዓት ሱስ ላገረሸበት ሰው አይሆንም። በአብዛኛው ቡድኑን የሚያፈርሰውም እሱው ነው።

ከየት መጣ፣ ምን ያህልስ ይሠራል?

የዛሬዎቹ ቡድኖች አባት በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት አክረን ከተማ ውስጥ የተጀመረው የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ማኅበር ነው። ጀማሪዎቹ የአክሲዮን ነጋዴው ቢል ዊልሰንና የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ቦብ ስሚዝ ነበሩ። ማኅበሩ የጻፋቸው ልማዶች ጥቂት ናቸው። ለአባልነት የሚጠየቀው መጠጥ የመተው ፍላጎት ብቻ ነው፤ ስም ለውጭ አይወጣም፤ ከውጭም ገንዘብ አይወሰድም። ከሁለት ዓመት በኋላ ሺካጎ ውስጥ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አብርሃም ሎው ከሆስፒታል ለወጡ ሕሙማን የራሳቸውን የእርስ በርስ ማሠልጠኛ ቡድን ጀመረ። ሁለቱ መስመሮች ለግማሽ ምዕተ ዓመት ጎን ለጎን ሄዱ እንጂ ብዙም አልተገናኙም።

የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በመጠጥ ቡድኖች ውስጥ የሚያጋጥማቸው አንድ የታወቀ ነገር ነበር። በዋናው ማኅበር ጽሑፎች ላይ የሐኪም መድኃኒት እንዳይቋረጥ፣ አባላትም እንደ ሐኪም እንዳይሆኑ በግልጽ ተጽፏል። ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ግን «ኪኒንም ያው ዕፅ ነው፤ ንጹሕ አልሆንክም» ይላል። ይህን ለማምለጥ በ1989 እ.ኤ.አ. ሱስንም የአእምሮ ሕመምንም አንድ ላይ የሚይዙ ሁለት ማኅበራት ተመሠረቱ፤ አንዱ በኒው ዮርክ፣ ሌላው በካንሳስ ሲቲ። በኒው ዮርክ 24 ቡድኖች ውስጥ 240 ያህል አባላትን የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ በቋሚነት የሚመጡት ሰዎች መድኃኒታቸውን በተሻለ ሁኔታ እንደሚወስዱ አይተዋል። «ቡድን ሰውን ከኪኒን ያጣላል» ለሚል ሐኪም ይህ በቂ መልስ ነው፤ ቡድኑ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ እስከሆነ ድረስ።

የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምገማ 27 ጥናቶችንና 10,565 ሰዎችን አካትቶ ነበር። ወደ አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚያስገባ የተደራጀ ሕክምና ካገኙት ውስጥ 42 በመቶ ያህሉ ዓመቱን ሙሉ ሳይጠጡ ቆይተዋል፤ እንደ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ (አስተሳሰብንና ልማድን በንግግር የሚያርም ሕክምና) ያለ ሌላ ሕክምና ካገኙት ደግሞ 35 በመቶ። ልዩነቱ ትልቅ ባይሆንም እውነተኛ ነው። የመጠጥ ጥናት መሆኑን ግን አይርሱ፤ ከጫት ጋር ሳይኮሲስ (የሌለ ነገር መስማት፣ ማየት ወይም ማመን) ያለበትን ሰው በዚህ ቁጥር መገመት አይቻልም። በአእምሮ ሕመሙ በኩል ማስረጃው የተደባለቀ ነው። በእንግሊዝ 441 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ራሱ ያለፈበት ሰው ድጋፍ ሲሰጣቸው በዓመቱ ውስጥ ወደ አጣዳፊ ሕክምና የተመለሱት ከ38 በመቶ ወደ 29 በመቶ ዝቅ እንዳሉ አሳይቷል። ያ ግን በአንድ ለአንድ የተደረገ እንጂ የቡድን ድጋፍ አልነበረም።

በአገራችን የሚጠቀሰው የሶዶ ወረዳው ሥራ ነው። ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው 166 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመው ሙከራ፣ ከጤና ጣቢያው ሕክምና በተጨማሪ የሠለጠኑ የአካባቢ ሰዎች ቤት ለቤት ሲረዷቸው የዕለት ተዕለት ኑሯቸው እንደሚሻሻል አረጋግጧል። የረዱት ሰዎች የጤና ባለሙያዎች አልነበሩም። ሕክምናው ግን አልተቋረጠም፤ ድጋፉ የመጣው በሕክምናው ላይ ተጨምሮ ነው።

ከማኅበር ምን እንውሰድ፣ ምን እንተው?

የሚወሰደው ቋሚ ቀንና ቋሚ ሰዓት ነው። የጽዋ ማኅበር ቀኑ ዝናብም ሆነ ሐዘን ቢመጣ አይነቃነቅም። ቡድኑም ሦስት ሰው ብቻ ቢመጣ መካሄድ አለበት። አንድ ጊዜ «ሰው ስላልሞላ» ተብሎ ከተሰረዘ፣ በሚቀጥለው ሳምንት በጭንቅ ተነሥቶ የሚመጣው ሰው የተዘጋ በር ያገኛል፤ ሁለተኛ አይመጣም።

የሚተወው ብዙ ነው። ከቅጣት እንጀምር። አባሉ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ስላገረሸበት ነው፤ ያገረሸበትን ሰው መቅጣት ደግሞ እንዳይመለስ መክፈል ነው። የቀረ ሰው በቀረበት ማግስት አንድ ስልክ ይደወልለታል፣ «ወንበርህ አለ» ይባላል፤ ለምን እንደቀረ አይጠየቅም። ቀጥሎ ገንዘብ። ቡድኑ ከሻይ የሚያልፍ ሳንቲም አይያዝ። ዕቁብ አይጀመር። አባላት አይበዳደሩ፤ 500 ብር ተበድሮ ያልመለሰ ሰው ከመጠጡ ይልቅ ብድሩ አሳፍሮት ይጠፋል። መዝገብም አያስፈልግም፤ የመጡት ብዛት በቁጥር ይጻፋል፣ ስም አይጻፍም። የቡድኑ ደብተር ጠፍቶ ጎረቤት እጅ ቢገባ እንኳ የሚጎዳው ሰው መኖር የለበትም።

ከሁሉ የከፋው አበል ነው። ፕሮጀክት ይመጣል፣ ለተሳታፊ የትራንስፖርት ይከፈላል፣ ክፍሉ ይሞላል። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ቡድኑም ያልቃል። ያም ሳይሆን የሚከፈለው ብር ለሱሰኛ የዚያው ቀን ፈተና ነው፤ ስብሰባው አልቆ ጫት ተራው እስኪደርስ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ረጂ ድርጅት መርዳት ከፈለገ የክፍሉን ኪራይ ይክፈል፣ ለአስተባባሪዎች ሥልጠና ይስጥ፣ በዚህ ያብቃ።

ሌላው አዋቂን ማስቀደም ነው። በባህላችን ትልቅ ሰው ቀድሞ ይናገራል፣ ረዥም ይናገራል፣ ማንም አያቋርጠውም። ትልቅ ሰው ሲናገር ደግሞ ይመክራል። ምክር እዚህ ክፍል ውስጥ ጉዳት አለው፤ ተመካሪው ያፍራል፣ ያፈረ ሰው ይዋሻል፣ የዋሸ ሰው በሳምንቱ ይቀራል። ስለዚህ የንግግር ተራ በዕጣ ይሁን፣ ሰዓት ይያዝ፣ «አንተ እንዲህ አድርግ» ቀርቶ «እኔ እንዲህ አድርጌ ይህን አገኘሁ» ብቻ ይፈቀድ። አጠራሩንም በመጀመሪያው ቀን መወሰን ጠቃሚ ነው፤ ወይ ሁሉም «እርስዎ» ይባባል፣ ወይ ሁሉም አንቱታውን ይተው። ግማሹ ጋሼ ግማሹ አንተ ከሆነ እኩል ክብ አይሆንም።

ምስክርነትም አለ። በጸሎት ቤት «ከዚህ ጉድጓድ ወጣሁ» ብሎ በሕዝብ ፊት መመስከርን የለመደ ሰው ቡድኑንም መድረክ ያደርገዋል። ትናንት ያገረሸበት አባል ከዚያ ቀጥሎ ምን ብሎ ይናገራል? በኤች አይ ቪ ዘመን ተስፋ ጎህንና መቅድምን የመሰሉ ማኅበራት ጥንካሬያቸው ፊታቸውን ለሕዝብ በማሳየታቸው ነበር፤ ያ ትልቅ ጀግንነት ነው። የሱስ ቡድን ግን የሚኖረው በተቃራኒው፣ በመሸሸግ ነው። አባሉ በአደባባይ አሸናፊ ከተባለ በኋላ ቢያገረሽበት ወደ ቡድኑ የሚመለስበት መንገድ ይጠብበታል።

ሰዓቱ፣ ክፍሉና ወንበሩ

ለጫት ተጠቃሚ ከባዱ ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው። ከሰባት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሀራራው ይነሣል፣ ስልክ ይደወላል፣ በርጫው ይሰየማል። ቡድኑ መሰብሰብ ያለበት ታዲያ በዚያው ሰዓት፣ ቅዳሜ ወይም እሁድ ከስምንት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል ነው። ጠዋት የሚሰበሰብ ቡድን ለአስተባባሪው ይመቻል እንጂ ሀራራውን አይነካም። ለመጠጥ ተጠቃሚዎች ከሆነ ደግሞ የሥራ መውጫ ሰዓት፣ ከአሥራ አንድ ተኩል በኋላ ይሻላል፤ ደመወዝ የሚከፈልበት ሳምንት ላይ አንድ ተጨማሪ ቀን ቢኖር መልካም ነው።

ክፍሉ ቀበሌ አይሁን፤ ሰው ይታያል። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ግቢም አይሁን፤ የሌላውን እምነት ተከታይ ያርቃል። የአእምሮ ሆስፒታል ግቢ ደኅንነቱ የተጠበቀ ቢሆንም በአዲስ አበባ «አማኑኤል» የሚለው ስም ብቻውን ሰው ያስፈራል፤ ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ስሙ ስድብ እስከመሆን ደርሷል። ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ የሚሆን የትምህርት ቤት ክፍል ወይም የጤና ጣቢያ መሰብሰቢያ ይሻላል። ጤና ጣቢያ የሚገባ ሰው ለክትባትም ለጉንፋንም ሊሆን ይችላል፤ ማንም አይጠይቀውም።

አሁን ትንሽ የምትመስል፣ ብዙዎች የሚስቷት ነገር። ፍራሽ መሬት ላይ አነጥፎ፣ እጣን አጭሶ፣ ኦቾሎኒ አቅርቦ፣ ጀበና ጥዶ እንግዳ መቀበል ለማንኛውም ስብሰባ ማማር ነው። ለቃሚ ግን ይህ የበርጫው ሙሉ ዝግጅት ነው፤ የጎደለው ቅጠሉ ብቻ ነው። ሽታውና አቀማመጡ ብቻ ሀራራውን ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ ወንበር እንጂ ፍራሽ አይሁን፣ እጣን አይጭስ፣ ቡና ካስፈለገ አንድ ስኒ ተቀድቶ ይምጣ። ጭንቀት ወይም የእንቅልፍ እጦት ላለበት አባል ሻይ ቀጠን ተደርጎ ወይም ውኃ ይቅረብለት።

ቁጥሩ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ነው። ከስድስት በታች ሲሆን አንድ ሰው ሲቀር ክፍሉ ባዶ ይመስላል፤ ከአሥራ ሁለት ሲያልፍ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ደቂቃ ያጥራል፣ ድምፅ የሚሰማው ሰውም በሰው ብዛት ይረበሻል። አሥራ ሦስተኛው ሰው ሲመጣ ሁለት ቡድን መሆን ይጀመር።

ዘጠናው ደቂቃ

የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ስምምነቱን ለማንበብ ናቸው፦ እዚህ የተሰማ ከዚህ አይወጣም፣ ምክር የለም፣ ስለ ኪኒን ማንም ማንንም አያዝም፣ ራስን ወይም ሌላን የመጉዳት ሐሳብ ከተነገረ ግን ምስጢር አይሆንም። ይህ የመጨረሻው ቀድሞ ካልተነገረ፣ አስተባባሪው እርዳታ ሲጠራ አባሉ እንደከዱት ይቆጥራል።

ከዚያ እያንዳንዱ ሰው እስከ ሦስት ደቂቃ ይናገራል። የሚመለሱት ጥያቄዎች አራት ናቸው፦ በዚህ ሳምንት ነካህ ወይስ አልነካህም? ስንት ሰዓት ተኛህ? መድኃኒትህን ወሰድክ? እስከ ሳምንት አንድ የምታደርገው ነገር ምንድን ነው? ከአራቱ ብዙ የሚያወራው ሁለተኛው ነው። ባይፖላር (ስሜት አንዴ ሽቅብ አንዴ ቁልቁል የሚልበት ሕመም) ያለበት ሰው ሁለትና ሦስት ሌሊት ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ምንም ድካም ካልተሰማው፣ ሐሳቡና ወሬው ከፈጠነ፣ ክትትሉ የሚቀጥለው ወር ላይ እስኪደርስ አይጠበቅም። ምርቃናም እንቅልፍ ስለሚነሣ ሁለቱ ይምታታሉ፤ መለያው ሳይቅም የሰነበተ ሰው መሆን አለመሆኑ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ አስፈላጊ የሆነውም ለዚህ ነው እንጂ ለፍርድ አይደለም።

ቀሪው ጊዜ ለአንድ ርዕስ ይውላል፤ ለምሳሌ ዱካክ። ጫት ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች የሚያየው ቅዠት ብዙዎችን ወደ ቅጠሉ ይመልሳል። ቅዠቱ የማቆሙ አካል መሆኑን፣ በጊዜ እየቀነሰ እንደሚሄድ ካለፈበት ሰው መስማት ከማንኛውም ገለጻ ይበልጣል። ሌላ ርዕስ ጨብሲ ነው። ምርቃናውን ለማብረድ ሲጠጣ የኖረ ሰው ጫቱን ትቶ መጠጡን ይዞ ሊቀር ይችላል፤ ወይም ከመድኃኒት ቤት በገዛው ዳያዜፓም በሚባል ማረጋጊያ ኪኒን ይተካዋል።

የምርቃና ወሬ ክልክል ይሁን። ጫቱ የአወዳይ ነው የበለጩ፣ ስንት ዙርባ፣ ማን ምን አለ፣ እንዴት ሳቅን የሚለው ጨዋታ ሞቅ ያለ ነው፤ ሲበተኑ ግን ሁለት ሦስቱ ተያይዘው ወዴት እንደሚሄዱ ግልጽ ነው። አንድ አባል ጠጥቶ ወይም ቅሞ ቢመጣ አይባረርም፤ ተቀምጦ ይሰማል፣ በዚያ ቀን አይናገርም፣ ሲወጣ አንድ ሰው ይሸኘዋል።

ኪኒን፣ መርፌና ጸበል

ቡድን በጣም የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርገን እንየው።

ሃሎፔሪዶልና መሰል የቆዩ የሳይኮሲስ መድኃኒቶች አንዳንዱን ሰው እግር አላሳርፍ ያሰኙታል። ቁጭ ማለት ይሳነዋል፣ ይንቆራጠጣል፣ ውስጡ ይቃጠላል። ቡድኑ ይህን አይቶ «ሀራራ ነው» ይላል፣ አባሉም ሀራራ ነው ብሎ ይቅማል። የኪኒኑ የጎንዮሽ ጉዳት ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ብቻ ሰውየውን ከጫት ተራ ወደ ክሊኒክ ያዞረዋል፤ ሐኪሙ መጠን በመቀነስ ወይም መድኃኒት በመቀየር ያስተካክለዋል። ለሰውነት መገተር ተብሎ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል ደግሞ ራሱ ሞቅታ ስለሚሰጥ ሱስ ሊሆን ይችላል። አባላት ኪኒን እንዳይሰጣጡ የሚከለክለው ስምምነት በተለይ ለዚህ ነው።

ሲጋራ ማቆም ይጨበጨብለታል፤ ማጨብጨቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን የሲጋራ ጭስ ጉበት ኦላንዛፒንንና ክሎዛፒንን የመሰሉ የሳይኮሲስ መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ፣ አጫሹ ሲያቆም በዚያው መጠን የሚወስደው መድኃኒት በደሙ ውስጥ ይበዛል። ከቀናት በኋላ ቀኑን ሙሉ ሊያንቀላፋ፣ ሊያዞረው ይችላል። «ሲጋራ አቆምኩ» የሚለው ዜና ለቡድኑ እንደተነገረ በዚያው ሳምንት ለሐኪሙም ይነገር።

ለባይፖላር የሚታዘዘውን ሊቲየም የሚወስድ አባል ካለ ጾምና ሱባኤ ከመግባቱ በፊት ክትትል ያድርግ። ሰውነት ውኃ ሲያጣ ሊቲየሙ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ እጅ መንቀጥቀጥ፣ ማስታወክ፣ ሲራመዱ መንገዳገድ ከታየ የዚያኑ ቀን ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ይህ ለረመዳንም፣ ለዐቢይ ጾምም፣ ተቅማጥ ለያዘው ሰውም አንድ ነው።

ጸበሉን በተመለከተ ቡድኑ አቋም አይያዝ። «ጸበል ትተህ ኪኒን ዋጥ» ማለት ግማሹን አባል ያስወጣል፤ «ኪኒኑን ትተህ ጸበል ግባ» ማለት ደግሞ ሰው ይጎዳል። የሚሠራው ጥያቄ ይህ ነው፦ ጸበል ስትሄድ ለስንት ቀን የሚሆን መድኃኒት ይዘሃል? በየወሩ የሚወጋ መርፌ ከሆነስ ቀኑ መቼ ይደርሳል? የሃይማኖት አባቶች ዘንድ ሁለቱን አንድ ላይ የሚፈቅዱ አሉ፤ አባሉ የሚያምንበትን አባት ራሱ ይጠይቅ።

ቡድን የማይነካው ነገር

በየቀኑ ጠጥቶ የሚውል፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ያንን ለማቆም ደግሞ የሚጎነጭ ሰው «ከዛሬ ጀምሮ ተው» አይባልም። ካቆመ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንቀጥቀጥ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር ማየት፣ ቀንና ቦታ መሳት፣ ትኩሳትና ላብ ሊመጣ ይችላል፤ ካልታከመ ይገድላል። በዚህ ቡድን ውስጥ አደጋው እጥፍ ነው። ሰውየው ቀድሞም የአእምሮ ሕመም ስላለበት ቤተሰቡም አባላቱም «ያው ሕመሙ ተነሣበት» ወይም «መንፈስ ነው» ብለው ጠብቀው ያሳድሩታል። መጠጥ ካቆመ አራት ቀን ያልሞላው ሰው የሌለ ነገር ካየ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። የማቆሙ ሥራ በጤና ተቋም፣ በመድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 ይጀመራል፤ ቡድኑ ከዚያ በኋላ ይቀበለዋል። ጫት ማቆም እንዲህ አይገድልም፤ የሚያመጣው ድባቴ ግን ሊከብድ ይችላል።

«ብሞት ይሻለኛል» ያለ ሰው ካለ አስተባባሪው ከስብሰባው በኋላ ለብቻው፣ በቀጥታ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብሎ ይጠይቅ። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም። አስቦ ከሆነ ብቻውን ወደ ቤት አይሄድም፤ የሚያምነው ሰው ይጠራል፣ በቤት ያለው መድኃኒትና የእርሻ ኬሚካል ከእጁ ይርቃል፣ በዚያው ቀን ሐኪም ያየዋል። ለዚህ የሚደወልበት ስልክና የሚኬድበት ተቋም ቡድኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተጽፎ መያዝ አለበት። በወር አንድ ጊዜ አስተባባሪዎቹን የሚያነጋግር የሳይካትሪ ነርስ ከሌለ ቡድኑን ባይጀምሩት ይሻላል።

ሴቶች

በተቀላቀለ ቡድን ውስጥ ሴት አባል ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ መጥታ ትጠፋለች። ተደብቃ የምትቅም ወይም የምትጠጣ ሴት ላይ ያለው ስድብ ከወንዱ የተለየ ስለሆነ፣ ወንዶች ባሉበት የምትናገረው ግማሹን ነው። የራሷ ሰዓት ያስፈልጋታል፤ ልጅ ይዛ መምጣት ከተፈቀደላት ደግሞ ትዘልቃለች። አረቄ አውጥታ ወይም ጠላ ጠምቃ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ጉዳይ ከሁሉ ይከብዳል፤ «ከመጠጥ ቦታ ራቂ» የሚለው የተለመደ ምክር ለእሷ ከቤትሽ ራቂ ማለት ነው። የቡድኑ ጥያቄ መሆን ያለበት ቀማሹ ማን ይሁን፣ ሽያጩ በስንት ሰዓት ይዘጋ፣ ሌላ ሥራ በወር ስንት ብር ቢያመጣላት ይህን ትተዋለች የሚለው ነው። በዚምባብዌ በ2006 እ.ኤ.አ. ሐራሬ፣ ምባሬ ሰፈር ውስጥ የተጀመረው፣ የሠለጠኑ አያቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀ ሰው የሚያነጋግሩበት የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር ፕሮግራም፣ ከአያቶቹ ጋር የተነጋገሩት ሴቶች በኋላ በቡድን እየተቀመጡ ቦርሳ እንዲሠሩ ማድረጉ ያለ ምክንያት አይደለም። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል፣ ትንሽም ገቢ ይመጣል። ገንዘቡ ግን ከቡድኑ ውጭ፣ በእያንዳንዷ እጅ ይሁን።

ቤተሰብ በአባላቱ ስብሰባ አይቀመጥም። እናት ፊት «ትናንት ቃምኩ» የሚል የለም። ለቤተሰብ የራሱ ቀን ቢኖር ብዙ ይጠቅማል፤ በተለይ ብር መስጠትና መከልከልን በተመለከተ የሚማማሩት አያልቅም።

በቴሌግራምና በውጭ አገር

በስልክ የሚደረገው ቡድን በአካል የሚደረገውን ሳይተካ ያሟላዋል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ ላጣ ሰው ሌላ የለም። አባላት ስልክ ቁጥራቸውን ለማንም እንዳይታይ አድርገው ያስተካክሉ፣ ፎቷቸውንና ሙሉ ስማቸውን ከገጻቸው ያጥፉ፣ አስተዳዳሪው መልእክት ወደ ሌላ ቦታ ማስተላለፍን ይዝጋ። የድምፅ መልእክት ከጽሑፍ ይልቅ ሰውን ስለሚያሳውቅ ይታሰብበት። የስልኩን ገጽ በሌላ ስልክ ፎቶ ማንሣት ግን ሁልጊዜ ይቻላል፤ ስለዚህ በጽሑፍ የሚቀመጠው ነገር ቢወጣ የማይጎዳ ብቻ ይሁን።

በዋሽንግተን አካባቢ፣ በለንደን ወይም በእስራኤል የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ምርጫው ከባድ ነው። በአገሩ ቋንቋ የሚካሄደው ቡድን ብዙና ቅርብ ነው፤ ስለ ዱካክ ወይም ስለ ጨብሲ ለማስረዳት ግን ሩቡ ጊዜ ያልቃል። በአማርኛ ቢሆን ያለ ማብራሪያ ይግባባል፤ ከተቀመጡት አንዱ የእህቱን ባል የሚያውቅ ሊሆን ግን ይችላል። ብዙዎች ሁለቱንም ይይዛሉ፦ በአካል ባዕድ ቋንቋ፣ በስልክ ሩቅ ከተማ ካሉ ወገኖች ጋር አማርኛ። ጫት በአሜሪካ የተከለከለ፣ በብሪታንያም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታገደ ስለሆነ እዚያ ያለው አባል በሕግ መጠየቅንም ይፈራል፤ የስም ጉዳይ ለእሱ ከሐፍረትም በላይ ነው።

አስተባባሪው ሲያገረሽበት

ይህ ሊሆን እንደሚችል ከመጀመሪያው ቀን ይታሰብ። ሁልጊዜ ሁለት አስተባባሪ ይኑር፤ በየስድስት ወሩ አንዱ ይቀየር። ሁለቱም ቢያንስ ዓመት የረጉ፣ ክትትላቸውን ያላቋረጡ ቢሆኑ ይመረጣል። መሥራቹ ሰው ስልኩን ማታም ሌሊትም የሚያነሣ፣ ሁሉም ነገር በእሱ የሚያልፍ ከሆነ ሁለት ዓመት አይቆይም፤ ወይ ይታመማል፣ ወይ ቡድኑን የግሉ ያደርገዋል። ስለዚህ የስልክ ሰዓት ይወሰን፣ እያንዳንዱ አባልም ከአስተባባሪው ውጭ ሁለት ቁጥር ይኑረው። ያገረሸበት አስተባባሪ ከኃላፊነቱ ይወርዳል፤ ከወንበሩ ግን አይወርድም፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደ ማንኛውም አባል መጥቶ አራቱን ጥያቄዎች ይመልሳል። ስምምነቱ ላይ «አስተባባሪ ሲያገረሽበት» የሚል አንቀጽ ቀድሞ ከተጻፈ በዚያ ሳምንት ምርጫና ክርክር አያስፈልግም፤ ሁለተኛው ሰው ክፍሉን ይከፍታል፣ ስብሰባው በሰዓቱ ይጀመራል።